በራሕማ ኮሜዲ ላይ የጨመርኩት ጡዘት

ማክሰኞ

የራሕማን ድርሰት ቀድጄ ፊቷ ላይ በተንኩት የሚባለው ውሸት ነው። ዛሬ ስኳር ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ እየሳቀ ነገረኝ። «እትዬ አስካለ፣ የልጅቷን ቴአትር ቀደው በዱላ አባረሯት አሉ» አለኝ። ዱላ የለኝም። ያለኝ ምርኩዝ ነው፤ እሱንም መንገዱ ሲጨቀይ ብቻ ነው የምይዘው። ወረቀትም አልቀደድኩም። ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የተማሪ ወረቀት ቀድጄ አላውቅም። እኛን ያሠለጠኑን መምህራን የተማሪ ወረቀት ማጠፍ እንኳ ነውር ነው ይሉን ነበር።

ያደረግኩት ማረም ነው። ማረሜን አልክድም።

ራሕማ የጎረቤቶቼ የአደምና የዘይነብ ልጅ ናት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል። የትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ ክበብ በወላጆች ቀን የሚያሳየውን ኮሜዲ የጻፈችው እሷ ናት። ክበቡን የሚመራው መምህር ዮሐንስ ከጎጃም ወደ አሶሳ ተመድቦ የመጣ ልጅ እግር አስተማሪ ነው። ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህርት መሆኔን ሰምቶ ቤቴ መጣ። «ቲቸር፣ ሴራው ላይ አንድ ነገር ቢሉን» አለኝ። ቲቸር ሲሉኝ አልወድም፤ መምህርት የሚል ደህና ቃል እያለ። ቢሆንም ደስ አለኝ። ሰው ከእኔ ምንም ነገር ከጠየቀ ቆይቷል።

ኮሜዲው እንዲህ ነው። ሉባባ የምትባል ተማሪ ጓደኛዋን ጀማልን በምስጢር ትወደዋለች። ጀማል የክፍላቸውን ቆንጆ ይወዳል፤ እንዴት እንደሚቀርባት ምክር የሚጠይቀው ደግሞ ሉባባን ነው። ሉባባ ሆን ብላ የተበላሸ ምክር ትሰጠዋለች፤ ምክሩ ሁሉ ሳይታሰብ ይሠራለታል። ሦስት ጊዜ እውነቱን ልትነግረው ትሞክራለች። በመጀመሪያው ፍየል መጥታ ደብተሩን ትበላና ፍየሏን ሲያባርር ወሬው ይቀራል። በሁለተኛው ጠፍቶ የዋለው መብራት ይመጣል፤ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ» ብሎ ሲጮኽ ድምፅዋ ይዋጣል። በሦስተኛው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆመው ዝናቡ ይወርዳል። «ምን አልሽኝ?» ይላታል። «ልብስህን ከገመድ ላይ አስገባ አልኩህ» ትለዋለች። በመጨረሻ ቆንጆዋ እምቢ ትለዋለች፤ ሁለቱ ጓደኛሞች አጥር ላይ ተቀምጠው ማንጎ ይበላሉ። አለቀ። ሉባባ አልተናገረችም፤ ጀማልም አላወቀም።

ከግርጌው በቀይ «ጡዘት የለውም» ብዬ ጻፍኩበት። ክበቡ ድረስ ሄጄ ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ ተራራ ሣልኩላቸው፤ መነሻው እዚህ፣ ግጭቱ እዚህ፣ ጡዘቱ ጫፉ ላይ፣ ልቀቱ ቁልቁለቱ ላይ። ምስጢር ይዞ የተነሣ ታሪክ ምስጢሩን ሳያወጣ አይወርድም አልኳቸው። ፍየሏን ሰረዝኩ፤ ፍየል መድረክ ላይ አይታዘዝም። የማያስፈልጉ ያልኳቸውን አንዳንድ መስመሮችም አወጣሁ። ከዚያ ዝናቡን በድንገት አቆምኩት። ሉባባ ዝናቡ ድምፅዋን እንደሚሸፍንላት አምና ጮክ ብላ ስትናገር፣ ዝናቡ ቀጥ ይላል፤ የተናገረችውን ዓለም ሁሉ ይሰማል። ንግግሩን ራሴ ጻፍኩት፦ «ጀማል፣ እስከ ዛሬ አንድም እውነተኛ ምክር ሰጥቼህ አላውቅም። እውነተኛው ምክሬ፣ ዞር በልና እኔን እየኝ የሚል ነበር።» ሳነበው ኮራሁ። ዛሬ ጠዋትም ኮርቼ ነበር።

ጀማል ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ቃላት ይውጥ ነበር። አውጥቼ ናስርን አስገባሁ። ናስር ከራሕማ ጋር አብሮ የሚያጠና፣ ከትምህርት ቤት አብሯት የሚመለስ፣ አፉ የተፍታታ ልጅ ነው። ራሕማ «ቲቸር፣ እሱ ባይሆን» አለችኝ። ለምን? «ዝም ብሎ።» ዝም ብሎ ምክንያት አይደለም አልኳት።

ትናንት ሉባባን የምትጫወተው ልጅ ጥርሷን አሟት ቀረች። ተዋናይ ከቀረ ደራሲው ያነባል፤ እኛ የተማርነው እንደዚያ ነው። ራሕማ «ነገ ትመጣለች፣ እንጠብቃት» አለች። ልምምድ ሰው አይጠብቅም አልኩ። ቆመች። ከመጋረጃው ጀርባ ቆርቆሮ እያንቀጠቀጡ ዝናቡን አወረዱት፤ ከዚያ አቆሙት። ወረቀቱ ውስጥ ተደብቃ አነበበች፤ ልጆቹ ሳቁ። ድገሚው፣ ቀና በይ አልኳት። ደገመችው፤ አሁንም ሳቁ። ፊቱን እያየሽ፣ ከልብሽ፣ አልኳት።

ሦስተኛው ላይ ማንም አልሳቀም።

እኔ ግን አጨበጨብኩ። «ይኸውላችሁ፣ ትወና ማለት ይህ ነው» አልኩ። ናስር ጫማውን ያይ ነበር። ራሕማ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ምስጋና ያሳፈራት መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ራሕማን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ትወና አትችልም። እንግዳ እንዲሸኝ ስትፈልግ እንኳ ፊቷ ይናገርባታል።

እኔ ምን አደረግኩ።

ረቡዕ

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ጎመን ልቀነጥስ ጓሮ ወጥቼ ጤነኛውን ቅጠል ሁሉ ጥዬ የተበላውን ይዤ ገባሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ መምህር ዮሐንስን አስጠራሁት። ተቀመጥ ብዬው እምቢ አለ፤ በር ላይ ቆሞ ቁልፉን ያንቀጫቅጫል። ራሕማ ትናንትም ዛሬም ትምህርት ቤት አልመጣችም አለኝ። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ደርሷል። ናስር ወንበሩን ቀይሮ ኋላ ተቀምጧል። የወንዶቹ ረድፍ ያን ንግግር ሲቀባበል ነው የሚውለው።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ኧረ ቲቸር፣ ክበቡ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ናስር ብቻ ነበር። ናስርና…» ብሎ አቆመ።

«ናስርና እኔ» አልኩ።

አልካደም። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቁልፉን ማንቀጫቀጭ ተወ።

ሲሄድ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕሪው ሳያውቅ ሲቀር ሳቅ ከዚያ ይወጣል፤ ይህን እኔ ራሴ ስንት ክፍል አስተምሬዋለሁ። የራሕማ ኮሜዲ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነበር። ፍየሏም፣ መብራቱም፣ ዝናቡም ለሉባባ ከለላ ነበሩ። ሕይወቷም እንደዚያው ነበር። ጓደኞቿ ያውቃሉ፣ ይስቃሉ፣ ለናስር ግን ማንም አይነግረውም። ልጆቹ ተስማምተው የጠበቁትን ምስጢር እኔ ጡዘት የለውም ብዬ አፈረስኩት።

ከሰዓት በኋላ በርበሬ አስፈጭቼ ስመለስ፣ መንገድ ላይ የቁመቴን ግማሽ የማያህሉ ልጆች አንድ አህያ ፊት ተንበርክከው «ዞር በልና እኔን እየኝ» ይሉታል። ያሳፈረኝ መሳለቃቸው አይደለም። ትንፋሽ መውሰጃ ብዬ ምልክት ያደረግኩባት ቦታ ላይ ትንፋሽ ይወስዳሉ። ራሕማ ሦስት ጊዜ ስትደጋግም በመስኮት ሰምተው ልኩን ይዘውታል።

አንደኛው አየኝና «ቲቸር፣ ልክ ነኝ?» አለኝ። ምርኩዜን ይዤ አልፌው ሄድኩ። 

ሐሙስ

ዘይነብ ቤት ሄድኩ። ባዶ እጄን ላለመሄድ ሙዝ ገዛሁ። የሄድኩት ለልቅሶ ይሁን ለይቅርታ ለራሴም አልገባኝም ነበር።

ዘይነብ እንደ ወትሮዋ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ይህ ራሱ ከበደኝ። አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ነው፤ ከቤቷ ቋንቋ ከበርታ ቀጥሎ የመጣባት ስለሆነ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ታደርገዋለች። ብዙ ዓመት አርሜያታለሁ። እየሳቀች ትቀበለኝና ነገ ያንኑ ትላለች።

«ልጅ አይበላም፣ እትዬ» አለችኝ። «ከክፍል አይወጣም። አደም ሰማ። ገበያ ላይ ነገሩት። ልጅህ በወንድ ፊት ቆመ፣ ፍቅር ተናገረ አሉት። አደም መጣ፣ ሆሞሻ ሂድ አለው። ከእኅቴ ጋ ተቀመጥ አለው። ትምህርት በሚመጣው ዓመት አለ።»

«ፈተናውስ?» አልኳት።

«ፈተና ይቀራል። ስም ነው የሚበልጠው ይላል።»

ዛሬ አላረምኳትም። ልጅቷ ዓመቷን ልታጣ ነው፤ ከትምህርት ወጥታ ዘመድ ቤት ሆሞሻ ወረዳ የገባች ልጅ በሚመጣው ዓመት ትመለስ አትመለስ ማን ያውቃል። እዚያ ሄደው የተዳሩ አውቃለሁ። ይህ ሁሉ የመጣው አንዲት አሮጊት ተራራ ስለሣለች ነው።

«ዘይነብ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። «አንተ ደግሞ ምን አጠፋ። አስተማሪ ነህ» አለችኝ።

በዚህ መሃል ራሕማ ከውስጠኛው ክፍል በበርታ አንድ ነገር ተናገረች። አጭር ነበር። ዘይነብ ፊቷ ተለወጠ፤ አልተረጎመችልኝም። እኔም አልጠየቅኩም። አሶሳ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ከሰላምታና ከገበያ ዋጋ ያለፈ በርታ አለማወቄ ዛሬ ቆጨኝ። መሰደቤን እንኳ ከድምፁ ነው የተረዳሁት።

ሙዙን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

አደምን ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ነገ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ላነጋግረው ነው። ከዚያ በፊት ክበቡ ፊት መቆም አለብኝ። ልብሴን አዘጋጀሁ። 

ዓርብ

ሁለቱንም አደረግኩ። ሁለቱንም በደንብ አላደረግኩም።

መጀመሪያ ክበቡ። መምህር ዮሐንስ ልጆቹን ሰበሰበልኝ፤ ራሕማ የለችም። ቆሜ ተናገርኩ። «ያ ንግግር የራሕማ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። የእሷ ቴአትር ውስጥ ሉባባ አትናገርም። እንድትቆም ያዘዝኳት እኔ፣ ያስደጋገምኳትም እኔ ነኝ። የሚስቅ ካለ በእኔ ይሳቅ» አልኩ።

 ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። እጅ ማውጣቱ ደስ አለኝ።

«ቲቸር፣ ለማን ነው የጻፉት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህር ዮሐንስም ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። «ለጀማል» አልኩ፤ ባሰባቸው። ከቀትር በፊት ወሬው እኔ ጋ ደረሰ፤ ዞር በልና እየኝ ያልኩት የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ነው፣ በርበሬ የማስፈጨው ለዚያ ነው ተብሏል። ይሁን። በእኔ ዕድሜ እንዲህ መባል ያቃጥላል፤ ግን ከእሷ ላይ ከወረደ ይሁን ብዬ ነበር።

ይሁን ብዬ ባበቃ ጥሩ ነበር። ከክበቡ ስወጣ ናስር ግቢው በር ድረስ ተከተለኝ።

«ቲቸር፣ ቃሉ በእርግጥ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«እስከ አራት ነጥቡ።»

ቀለል ሲለው አየሁ፤ ትከሻው ወረደ። እዚያ ላይ ደህና ዋል ብዬ መሄድ ነበረብኝ። «ታዲያ ራሕማ እንደዚያ አታስብም ማለት ነው?» አለኝ። እኔ ያላረጋገጥኩትን አልናገርም፤ እንደዚያ ነው የተማርኩት። «እሱን እኔ መናገር አልችልም። የእሷ ጉዳይ ነው» አልኩት።

ትከሻው ተመልሶ ወጣ። አፌን ዘግቼ የማላውቅ ሴት ነኝ።

ከዚያ አደም። ከመስጊድ ሲመለስ በራቸው ላይ ጠበቅኩት። ሲያየኝ ሮጦ ወንበር አመጣልኝ፤ ማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጠኝና እሱ ቆመ። ከተማሪዎቼ መካከል መምህርት ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ቀርቷል። ቁጭ በል አልኩት። «እርስዎ ፊት?» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ጥፋትን መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

«አደም፣ ተሳስቻለሁ» አልኩት።

«መምህርት፣ እርስዎም ይሳሳታሉ እንዴ?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ክበቡን፣ ተራራውን፣ ዝናቡን፣ ማጨብጨቤን። እጁን ኋላ አጣምሮ አዳመጠኝ።

«የልጄ ስም ገበያ ወጥቷል» አለ።

«ገበያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቃሉ የእኔ ነው።»

«እሺ፣ ቃሉ የእርስዎ ነው። ድምፁስ? ሰው የሚያወራው ስለ ቃሉ አይደለም፣ መምህርት። እንዴት እንዳለችው ነው የሚያወራው።»

 ስምንተኛ ክፍል እያለ ከኋላ ወንበር እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠይቀኝ ነበር። ያኔ መልስ ነበረኝ።

«ፈተናዋን ትፈተን» ብቻ አልኩት። «አስብበታለሁ፤ እሑድ ልንገርዎት» አለኝ። እስከ ቤቴ በር ሸኘኝ። ባይሸኘኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ራሕማ መጣች።

ልብስ ሳጥብ ሳላያት የቀርከሃ አጥሩን በር ከፍታ ገባች። ዓይኗ አብጧል፤ ፀጉሯን ግን በሥርዓት ሸፍናለች። ሰላም አላለችኝም።

«ቲቸር፣ ደግሞ አረሙኝ?»

እጄን ከሳሙናው አወጣሁ።

«ናስር ትናንት አጥራችን ጋ መጣ» አለች። «የእሷ ጉዳይ ነው አሉኝ አለ። እንደዚያ ይባላል? አይደለም ይባላል፣ ወይ ዝም ይባላል።»

«መዋሸት አልፈለግኩም።»

«ማን ይዋሹልኝ አለ? ማንስ ይናገሩልኝ አለ?»

ልክ ናት። ተቀመጪ አልኳት፤ አልተቀመጠችም። በጣቷ እየቆጠረች ተናገረች። «አሁን ናስር ከቴአትሩ ከወጣ፣ እውነት ነበር ይላሉ። ቴአትሩ ከቀረ፣ እውነት ነበር ይላሉ። እኔ ሆሞሻ ከሄድኩ፣ እውነት ነበር ይላሉ። ስለዚህ ናስር ይጫወታል፣ ቴአትሩ ይታያል፣ እኔም እዚያው እቀመጣለሁ። ያኔ ቴአትር ነበር ይላሉ።»

እኔ ያልሠራሁትን ሒሳብ በልጅነቷ ሠርታ መጥታለች። እኔ ግን ሞኟ ምን ብል ጥሩ ነው? «እውነት አይደለም ወይ?» አልኳት።

«እሱን ማን ጠየቀዎት?» አለችኝ።

ማንም። ማንም አልጠየቀኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፤ መሬት እያየሁ። ይህን ቃል ለተማሪ ብዬ አላውቅም። እሺም እምቢም አላለችኝም። «መጨረሻዬን ይመልሱልኝ። ፍየሏንም» አለች። ሌላ ቅጂ የላትም፤ ያለው እኔ ጋ ያለው ነው፣ እሱም በቀይ ተጥለቅልቋል። ገልብጬ እሰጥሻለሁ አልኳት። «እንደነበረ» አለች። እንደነበረ አልኳት። «አንድም ቃል ሳይጨምሩ።» አንድም።

«አባትሽስ?» አልኳት ልትወጣ ስትል።

«አባቴን እኔ አነጋግረዋለሁ» አለች። ስትወጣ በሩን አላጋጨችውም። እሱን ልብ አልኩ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ስገለብጥ ዋልኩ። የገዛ ቀይ ቀለሜ ሥር የተቀበረውን እያወጡ መጻፍ ከባድ ነው። እያንዳንዱ መስመር ላይ ድምፄን እሰማዋለሁ፦ ይህ ይደጋገማል፣ ይህ አያስፈልግም። የፍየሏን ትዕይንት ስገለብጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ስሰርዘው ሳቄ የት ነበር?

ከዚያ መጨረሻው ላይ ደረስኩ። አጥሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ማንጎ ይበላሉ። ጀማል ስለ ቆንጆዋ አውርቶ ዝም ይላል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«ያን ቀን ገመዱ ላይ ልብስ አልነበረም።»

ሉባባ ሌላ ማንጎ ትልጥና ትሰጠዋለች። «ብላ» ትለዋለች። ይበላል። መጋረጃ።

ይህን መስመር ሰርዤው ነበር። ጎኑ ላይ በራሴ እጅ «አላስፈላጊ» ተብሎ ተጽፏል።

ጀማል ያውቃል። ምን ያህል እንደሚያውቅ አይታወቅም፤ ሉባባም ማወቁን አወቀች፣ ግን ሁለቱም አልተናገሩም፤ ጓደኝነታቸውም አልፈረሰም። ጡዘቱ ይኸው ነው። በአንዲት አጭር መስመር፣ ማንጎ እየተበላ፣ ማንም ሳይዋረድ። ጡዘት የለውም ብዬ የጻፍኩት ጡዘቱን በገዛ እጄ ሰርዤ ነው። ተራራ ስፈልግ ሜዳ ላይ ያለውን አላየሁም።

መስመሩን ቀስ ብዬ ገለበጥኩት።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አደም በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቤት ግባ አልኩት፤ ለአፍታ ነው ብሎ በረንዳው ላይ ቀረ።

«ራሕማ ትናንት አነጋገረችኝ» አለ። «እንደዚያ ተናግራኝ አታውቅም። አባዬ፣ ከላክኸኝ በራስህ እጅ ማኅተም መታህበት ማለት ነው አለችኝ።» ራሱን ነቀነቀ። «የማን ተማሪ እንደሆነች ያስታውቃል።»

ይህን ምስጋና አልቀበልም። ይህን እኔ አላስተማርኳትም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያልኩት እዚህ ላይ ነው።

ውሳኔው ይህ ነው። ነገ ትምህርት ቤት ትመለሳለች። ፈተናዋን ትፈተናለች። ቴአትሩን ግን በወላጆች ቀን ራሱ መጥቶ ያያል። «የሚያሳፍር ነገር ካለበት በማግስቱ ሆሞሻ ነው፣ መምህርት። እርስዎ ቢለምኑኝም አልመለስም» አለኝ። የሚያሳፍር ነገር የለበትም አልኩት፤ ሙሉውን ገልብጬዋለሁ። «ያንን እኔ አያለሁ» አለኝ። መብቱ ነው።

ነገ መንገድ ላይ ልጆች እንዳይተናኮሏት አብሬያት እንድሄድ ለመነኝ። ራሕማን ጠይቃት አልኩት። ቀድሞ ጠይቋታል። «ከኋላ ከሆነ እሺ» ብላለች።

ናስር ነገ ልምምድ ይመጣ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መምህር ዮሐንስ ስልክ ደውሎለት አላነሣም። ካልመጣ የራሕማ ሒሳብ ይፋለሳል። ሄጄ ላናግረው ብዬ ተነሥቼ ነበር፤ ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ደረስኩ። ከዚያ ተመልሼ ጫማዬን አወለቅኩ። ልጁ ራሱ ይወስን።

እፍረቱ አለቀቀኝም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዛሬ ከሩቅ ሲያየኝ ኮፍያውን አንሥቶ ሰላም አለኝ፤ ከዚህ በፊት እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። በሌላ መንገድ ዞሬ ገባሁ። ግን ዛሬ ምሳ በላሁ፤ ሌሊቱንም የምተኛ ይመስለኛል።

ነገ መጀመሪያ፦

ቅጂውን በፕላስቲክ መጠቅለል፤ ሰማዩ ከብዷል።

ደወል ሳይደወል አደም በር ላይ መቆም። አለማንኳኳት።

ከራሕማ ኋላ መሄድ። ወሬ ካላነሣች አለማንሣት። ልጆች ከተናገሯት ቀድሜ አፌን አለመክፈት፤ እሷን ማየት።

ቅጂውን ለራሷ መስጠት። ለመምህር ዮሐንስ እሷ ትስጠው።

ፍየሏ እውነተኛ ፍየል ትሁን ወይስ ጆንያ የለበሰ ልጅ፣ ከጠየቁኝ የዘይነብን ፍየል መዋስ እንደሚቻል መናገር። ካልጠየቁኝ ዝም።

ናስር ከመጣ ደህና አደርክ ማለት። ሌላ ምንም።

ከሁሉም ኋላ መቀመጥ፤ አለማጨብጨብ።

ሁለተኛው ትዕይንት አሁንም ይረዝማል። አለመናገር።